ፊልሙን ሳይጨርስ የሚተኛው ወንድሜ

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ በነበርሁበት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ወረታ ውስጥ አንድ ፊልም ገባ። መጀመሪያ መናኸሪያው አጠገብ ያለው ሞባይል ቤት በሰው ሁሉ ሚሞሪ ላይ ይጭነው ጀመር። ብዙም ሳይቆይ የባጃጅ ሾፌሮች የባለታሪኩን የተቃጠለ ፊት መስታወታቸው ላይ አስለጠፉ። የደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ ተሳፋሪ የሚጣሩት ወጣቶች እንኳ እንደሱ ድምፃቸውን አጎርንነው "ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!" ይሉ ነበር።

ታሪኩ የአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አለቆቹ የሚሠሩትን ተንኮል ስለደረሰበት መጋዘን ውስጥ ዘግተው እሳት ይለቁበታል። አይሞትም፤ ፊቱ ግን እንደ ሰም ቀልጦ ይቀራል። መጋዘኑ ውስጥ የነበረው መርዝ ደግሞ የሰው ያልሆነ ጉልበት ይሰጠዋል። ጥቁር ካባ ለብሶ፣ በአንድ ዓይኑ እያየ፣ ያቃጠሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እያደነ ይገድላል። አገዳደሉ እንቅልፍ ይነሳል። ድሃ ስለማይነካ ክፉ ነው ማለት ያስቸግራል፤ ማንንም ስለማይምር ደግሞ ደግ ነው አይባልም። ፊልሙን በአማርኛ የሚተርከው ሰውዬ "ጠባሳው" የሚል ስም አወጣለት፤ ከተማውም በዚያው ጠራው።

ፊልሙ ከመምጣቱ ሦስት ወር በፊት የታላቅ ወንድሜ ፊት ተቃጥሎ ነበር።

እንዴት እንደተቃጠለ አሁኑኑ ብናገር ይሻላል። ቤታችን ቁሐር ሚካኤል ነው። ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ፣ አስፋልቱ ዳር፣ አንድ የሩዝ መፈልፈያ አለ። ሩዙ ተፈልፍሎ የሚወጣው ገለፈት ከወፍጮ ቤቱ ኋላ ይከመራል፤ ክምሩ ሲበዛ ዘበኛው እሳት ይለቅበታል። ገለፈት እንደ እንጨት አይነድም። ላዩ ነጭ አመድ ሆኖ ቀዝቅዞ፣ ከውስጥ ለሳምንታት ፍም ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ዘበኛው አመዱ ላይ ትልቅ የግራር ቅርንጫፍ ከነእሾሁ ይጥልበታል። በእኛ አገር አመድ ላይ እሾህ ካየህ ከሥሩ እሳት አለ ማለት ነው። ከብትም ሰውም ዞሮ ይሄዳል።

በጥር ወር፣ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ሳለሁ፣ አንድ ቀን ማለዳ እሾሁን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የጥጃችን ጋጥ በአንድ በኩል ተሸንቁሮ፣ ጥጃው እየወጣ እናቱን ሲጠባ አባቴ ሰሞኑን ሁሉ ይቆጣ ነበር። እኔ ሴት ልጁ ወረታ ትምህርት ቤት ስለምውል የቤቱን ሥራ አታውቅም እንዳልባል እፈልጋለሁ። ሁልጊዜም እንደዚህ ነኝ። ቅርንጫፉን ሳየው ልክ የሽንቁሩን ያህል ነበር። ዝም ብዬም አላነሳሁትም፤ ጎንበስ ብዬ መዳፌን አመዱ ላይ ዘረጋሁ። ጤዛ ወርዶበት ቀዝቅዟል። ጠፍቷል ብዬ ጎትቼ ወሰድሁት። አባቴ ከበረቱ ሲመለስ ሽንቁሩ ተደፍኖ ሲያይ፣ "እሰይ! ልጅ ማለት ይኸ ነው!" አለኝ። ከአባቴ እንዲህ ያለ ቃል በዓመት አንዴም አይወጣም።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ለጡብ አቃጣዮች ገለፈት ሊሞላ ጆንያ ይዞ ሄደ። አቋርጦ አመዱን ሲረግጥ እስከ ጉልበቱ ሰመጠ፤ ሚዛኑን ስቶም በፊቱ ወደቀ። የግራ ፊቱና የግራ እጁ ፍሙ ውስጥ ገቡ።

ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ እናቴ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስዳ ሁለት ሳምንት አስነከረችው። ቆዳው ትንሽ ለሰለሰ። ፊቱ ግን በዚያ በኩል ተሰብስቦ ቀረ፤ የግራ ዓይኑ በደንብ አይከደንም፤ ሁለት ጣቶቹ ተጣብቀዋል። ፀሐይ ሲነካው ስለሚያቃጥለው እርሻ መዋል አልቻለም። ስለዚህ ወረታ እኔ ተከራይቼ ከምማርባት ክፍል መጥቶ አብሮኝ መኖር ጀመረ። ቀን ቀን እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል። ጥላ ነው።

እሾሁን ማን እንዳነሳው የጠየቀኝ አልነበረም። ሁሉም ዘበኛው አላስቀመጠም አለ። እኔም በመጀመሪያው ቀን በልቅሶው መካከል ሳልናገር ቀረሁ። በሁለተኛው ቀን ወንድሜ ይተርፍ እንደሆነ ሳይታወቅ እንዴት ይነገራል አልሁ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ከቀደመው የበለጠ ከባድ ሆነ። ዘበኛው ከሥራው ተባረረ። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ልጆቻቸው አግብተው ሄደዋል፤ ከሚስታቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ነው ፊልሙ የመጣው።

ወንድሜ ከተማ ሲወጣ ፊቱን በሻሽ ይጠቀልል ነበር። ሰው አየት አድርጎ ቶሎ ፊቱን ያዞራል። ፊልሙ በገባ በሳምንቱ ግን አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቀጥ አለና ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

"ጠባሳው! ግባ እንጂ ጀግናው! ከአንተ ሒሳብ የሚቀበል ማን አባቱ ነው?"

ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ገባ። ቀኑን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም ስለዋለ እግሩ አልቆበት ነበር።

"ዛሬስ ስንት ገደልህ?" አለው ሾፌሩ በመስታወቱ እያየው።

"ሰማንያ ጆንያ።"

ሾፌሩ እስኪያስለው ሳቀ። በማግስቱ ቀልዱ መናኸሪያውን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ወንድሜን የማያውቀው ሰው አልነበረም። ልጆች ሲያዩት አይሸሹም፤ ይከተሉታል። ሻሹን ፈትቶ መሄድ ጀመረ። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ "ተመስገን፣ ልጄን ሰው አደረጉልኝ" አለች። እኔም ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሞባይል ቤቱን የያዘው ወጣት የከተማው የሙስሊም ነጋዴዎች ልጅ ነው፤ ከወንድሜ ጋር በዕድሜ እኩያ ናቸው። አንድ ቀን ስልኬን ላሠራ አብረን ሄድን።

"ወላሂ፣ አንተ እዚህ በር ላይ ብትቀመጥልኝ ፖስተር አያስፈልገኝም" አለው።

"ወንበር ካለህ እቀመጣለሁ" አለ ወንድሜ። እውነቱን ነበር፤ ተቀመጠ።

"ፊልሙንስ እንዴት አየኸው?"

"አልጨረስሁትም።"

"እንዴ! አንተ ራስህ? ያለ ክፍያ ነው የምጭንልህ፣ አምጣ ሚሞሪህን!" ጭኖ መለሰለትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግን ያ ዘበኛ… ዝም ልትለው ነው? ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እኮ እሱን ነው።"

"ሰው ሁሉ ሥራ የለውም እንዴ?" አለ ወንድሜ። ትንሽ ቆይቶም፣ "እኔ ደክሞኛል" ብሎ ተነሳ።

ፊልሙን አልጨረስሁትም ያለው እውነት ነው። ማታ ከእራት በኋላ ስልኩን የውሃ ጀሪካን ላይ አስደግፈን እናየዋለን። መጋዘኑ ይቃጠላል፤ ጠባሳው ካባውን ይለብሳል፤ የመጀመሪያው አለቃ ይሞታል፤ ሁለተኛው ሊሞት ሲል ወንድሜ ያንኮራፋል። አምስት ስድስት ጊዜ ሞክሮ አንዴም ከዚያ አላለፈም። የግራ ዓይኑ በደንብ ስለማይከደን ተኝቶም የሚያይ ይመስላል፤ ስለዚህ ስልኩን ከማጥፋቴ በፊት ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

ማጥፋት የምፈልገው መጨረሻውን ስለማውቅ ነው። ጠባሳው ሁሉንም አለቆች ገድሎ ከጨረሰ በኋላ የመጋዘኑን መወርወሪያ ከውጭ የዘጋው ማን እንደሆነ ይደርስበታል። ታናሽ እህቱ ናት። በክፋት አይደለም፤ "ነፋስ እየገባ ነው፣ በሩን ዝጊ" አሏት፣ ዘጋች። ከፊቷ ቆሞ እጁን ያነሳል። ፊልሙ እዚያ ላይ ይጨልማል። ክፍላችን ውስጥ ግማሹ ገድሏታል፣ ግማሹ ምሯታል እያለ በእረፍት ሰዓት ይጨቃጨቅ ነበር። እኔን ሲጠይቁኝ አላየሁትም እል ነበር።

ጠዋት ጠዋት ወንድሜ ጫማውን በአንድ እጁ ለማሰር እየታገለ፣ "መጨረሻው ምን ሆነ?" ይለኛል።

"ሁሉንም ገድሎ ሄደ።"

"ጎበዝ ነው። እኔ ክር ማሰር አቅቶኛል" ይላል። ጎንበስ ብዬ አስርለታለሁ። በዚያች ሰዓት፣ ራሴን ደፍቼ ሳለሁ፣ መናገር የምችል ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቋጠሮው ያልቅና እሱ ይሄዳል።

በግንቦት ወር ዘበኛው ለሦስተኛ ጊዜ ሽማግሌ ላኩ። ወንድሜ በመጀመሪያውም እሽ ብሎ ነበር። እምቢ ያለው አባቴ ነው። "እሾሁን አስቀምጫለሁ እያለ ምን ዓይነት እርቅ ነው? አላስቀመጥሁም ብሎ ይመን" አለ። ዘበኛው ደግሞ አስቀምጫለሁ አሉ። በዚህ ሁለት ጊዜ ፈረሰ። ከተማው ግን ጠባሳው ሽማግሌ የመለሰው ለበቀል ነው ብሎ አወራ። ወሬው ቁሐር ደረሰ፤ ዘበኛው ከቤታቸው መውጣት ፈሩ። በሦስተኛው ጊዜ ሽማግሌዎቹ አዲስ ቃል ይዘው መጡ፤ "ምናልባት ረስቼ ይሆናል፣ አርጅቻለሁ" ብለዋል አሉ። አባቴ ተስማማ። ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ባለው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዘበኛው በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ወንድሜ እግር ላይ እንዲወድቁ ተቆረጠ።

ዋዜማው ቅዳሜ የወረታ ገበያ ነበር። ጨው ልገዛ ወጥቼ ከሰዎቹ መካከል ዘበኛውን አየኋቸው። ላልፋቸው ስል ጠሩኝ። በጣም ከስተዋል። እጄን ይዘው ወደ አንድ ግድግዳ ጥግ አስጠጉኝ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አልቆጣም። በዚያን ቀን ጠዋት በዚያ አልፈሻል አይደል?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እሾሁ ነበር ወይስ አልነበረም?"

የጨው መግዣዬን ጨብጬ ቆምሁ።

"አላስተዋልሁም" አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔ ያስቀመጥሁ ይመስለኛል። ስጎትተው እዚህ ወግቶኛል" ብለው መዳፋቸውን አሳዩኝ፤ ምንም የለበትም። "ግን አንድ አንድ ቀን የወጋኝ ሌላ ጊዜ ይሆን እላለሁ። ባለቤቴን በስሟ እጠራና፣ እሱንም ልረሳው ነው እንዴ ብዬ እፈራለሁ። በይ ሂጂ፣ ነገ ያልቃል።"

ጨው ሳልገዛ ተመለስሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድሜ ከመጋዘን መጣ። ውሃ አቀረብሁለት። እግሩን ሲታጠብ ሳለ፣ ከፊቱ ቆሜ፣ እሾሁን እኔ አንስቼ ለጥጃው ጋጥ እንደወሰድሁት ነገርሁት። መዳፌን አመዱ ላይ መዘርጋቴንም ነገርሁት። ዛሬ ገበያ ላይ ያልሁትንም ነገርሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱን ማንበብ ከተቃጠለ ወዲህ ከባድ ነው፤ አንደኛው በኩል ሁልጊዜ የተቆጣ ይመስላል፤ ሌላው ደግሞ ዝም ያለ።

"አባባ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እማማስ?"

"ማንም።"

"ነገ" አለና እግሩን እንኳ ሳያደርቅ ጋደም አለ። የሚቆጣ መስሎኝ፣ የሚመታኝም መስሎኝ፣ ስጠብቅ ቆየሁ። አንኮራፋ። በዚያን ቀን እንደዚያ ማንኮራፋቱን ለብዙ ጊዜ ልረሳው አልቻልሁም። እኔ አምስት ወር የተሸከምሁትን ጥዬለት እሱ ከጆንያው ድካም በላይ አልሆነበትም።

ጠዋት ቀድሞኝ ተነስቶ ነበር። ጫማውን ሳላስርለት ክሩ እንደተፈታ ሰክቶታል።

"ተነሽ።"

"ወዴት ነው?"

"ወደ ሰውየው። ከሽማግሌዎቹ በፊት።"

በመኪና እስከ ቁሐር ሄድን። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ረዳቱ "ጠባሳው፣ ዛሬ ነው አሉ!" ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው። ወንድሜ በመስኮት የታረሰውን ሜዳ ሲያይ ነበር።

ዘበኛው ነጭ ለብሰው ደጃፋቸው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንድ ድብልብል ድንጋይ አለ። ሚስታቸው አንገታቸውን እንዳይቆርጣቸው አሮጌ ነጠላ አጥፈው ድንጋዩ ላይ እየጠቀለሉ ነበር። ወንድሜን ሲያዩ ዘበኛው ለመነሳት ተንደፋደፉ፤ ሚስታቸው ከፊታቸው ቆሙ።

"እንዴ ልጄ፣ ቀጠሮው ቤተ ክርስቲያን አይደለም ወይ? ምነው እስከ ቤታችን?"

"ለክፉ አይደለም እማማ፣ ይቀመጡ" አለ ወንድሜ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ንገሪያቸው።"

ነገርኋቸው። ለወንድሜ እንደነገርሁት አልሆነልኝም፤ ሁለቴ አቋርጬ ነው የጨረስሁት።

"የምን እንጨት ነበር?" አሉ ዘበኛው።

"ግራር።"

"ከግንዱ የወጣው አንድ አፍላግ ነው ሁለት?"

"ሁለት። አንደኛው የተሰበረ።"

ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ ሚስታቸውን በእጃቸው ፈለጓቸው። "ሰማሽ? ሁለት አፍላግ። የተሰበረው እኔ በእግሬ ረግጬ የሰበርሁት ነው። አስቀምጨ ነበር! አንች ሴት፣ አስቀምጨ ነበር እኮ!"

"አስቀምጠህ ነበር" አሉ ሚስታቸው። ነጠላውን ከድንጋዩ ላይ ፈትተው ፊታቸውን ጠረጉበት።

እኔ እንዲሰድቡኝ እጠብቅ ነበር። ዘበኛው ግን ደስታቸው እኔን አስረሳቸው። ቁጣው የመጣው ከሚስታቸው ነው። "አንች ልጅ፣ የተማርሽ ልጅ! በጋውን ሙሉ ይኸን ሰው አበድሁ ሲል እያየሁ ስኖር!" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ፊታቸውን አዙረው ቤት ገቡ። ልክ ናቸው።

ከዘበኛው ጋር ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ስንደርስ ሽማግሌዎቹም እናትና አባቴም ተሰብስበው ነበር። ከወረታ ድረስ የመጡ ሁለት ባጃጆችም ቆመዋል፤ ጠባሳው ምን እንደሚያደርግ ሊያዩ። ወንድሜ ለሽማግሌዎቹ ነገሩን በአጭሩ አስረዳ። አንደኛው ሽማግሌ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ "አይ ልጆች፣ ይህን ሁሉ ወር አመላልሳችሁን በዛሬው ቀን?" አሉ። ከዚያ እርስ በርሳቸው መከሩ። ድንጋይ የሚሸከመው በዳይ ነው፤ በዳይ ደግሞ አሁን የእኛ ቤት ሆኗል። እኔ ልሸከም ብዬ ተነሳሁ።

"ተቀመጪ" አለኝ አባቴ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ለእናቴ ሰጣት። "እመን ብዬ ሽማግሌ የመለስሁት እኔ ነኝ።"

ከዛፉ ሥር ድንጋይ አንስቶ በአንገቱ ላይ አድርጎ በጉልበቱ ሄደ። አባቴ ወገቡን ያመዋል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆም ብሎ ተነፈሰ። ዘበኛው እስኪደርስላቸው አልጠበቁም፤ ራሳቸው መጥተው፣ "አውርድ፣ አውርድ፣ ጨርሰናል" እያሉ ድንጋዩን ጣሉለት። ባጃጆቹ ሞተራቸውን አስነስተው ሄዱ።

ሽማግሌው ወደ ወንድሜ ዞሩ። "አንተና እህትህስ? አብረን እንጨርሰው?"

ወንድሜ የወደቀውን ድንጋይ በእግሩ ወደ ዳር ገፋ።

"እኔ ገና ነኝ" አለ።

"ይቅር አልላትም ማለትህ ነው?"

"አላልሁም። ገና ነኝ ነው ያልሁት። ለዘበኛው ቸኩዬ ነው የመጣሁት፤ እሳቸው ሽማግሌ ናቸው።"

በዚያው ማታ ወደ ወረታ አብረን ተመለስን። አብረንም ኖርን፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ። ዘበኛው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከተማው ሌላ ፊልም ይዞ ነበር፤ ወንድሜን በስሙ መጥራት ጀመሩ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ስለማንኛውም ነገር አመስግኖኝ አያውቅም፤ እኔም ለእሱ ብዬ አንድ ነገር ከመሥራቴ በፊት ሁለቴ አስባለሁ።

አሁን ማደሪያ ክፍሌ ሆኜ እሑድ እሑድ እደውላለሁ። ስልኩን የሚያነሳው እሑድን ቁሐር የሚውለው ወንድሜ ነው። በላሽ ወይ ይለኛል። በልቻለሁ እላለሁ። ፈተና አለሽ ወይ ይለኛል፤ አለኝ ወይም የለኝም እላለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ ዝም እንላለን። በዚያ ዝምታ ውስጥ ያችን የይቅርታ ቃል እጠብቃለሁ፤ እሱም የምጠብቅ መሆኔን ያውቃል።

"በይ እማማን ላገናኝሽ" ይላል፤ ስልኩን ይሰጣታል።